የቴሌቪዥኑ ጽሑፍ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

በካርሜ ጋት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ስለ ትልቅ ጉዳይ ልናገር አልመጣሁም። ስለ ቤት ግዢ፣ ስለ ሥራ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ስለቀሩት ዘመዶቻችን ሌሎች ተናግረዋል፤ ወደፊትም ይናገራሉ። እኔ የምነግራችሁ በቴሌቪዥን ግርጌ ስለሚወጣው ጽሑፍ፣ በዕብራይስጥ «ክቱቪዮት» ስለሚባለው ነው። አትሳቁ። በየቤታችሁ ስዞር፣ ከደብዳቤ ማንበብና ከማመልከቻ መሙላት ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ «እባክሽ ልጄ፣ ይህን ጽሑፍ አጥፊልን» እያላችሁ ነው።

ለምን እንደምትጠይቁ ይገባኛል። አንድ አባት ጽሑፉ ድንገት ሲወጣ የዕዳ ማስጠንቀቂያ የመጣ መስሏቸው ቴሌቪዥኑን ከነገመዱ ነቅለው አስቀምጠውት አግኝቻለሁ። አንዲት እናት ደግሞ «የሰውየውን አፍ ሸፈነብኝ፤ አፉን ካላየሁ ምን እንደሚል በምን ልገምት?» አሉኝ። እኒህ እናት የተናገሩት ቀላል ነገር አይደለም። ቋንቋውን ገና ያልለመደ ሰው የሚያነበው ፊት ነው፤ ዓይን፣ ከንፈር፣ እጅ ነው። በዚያ ላይ የማይነበብ ፊደል ሲጋረድበት ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ስለዚህ አጠፋፉን ዛሬ እነግራችኋለሁ። በፊት ግን እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ሰፈር አንድ ቤት ሄድኩ። እናትየዋ ሥራ ላይ ነበሩ። ቤት ያሉት አያትየዋና ሦስት ልጆች ናቸው። አያትየዋ እንደ ሌሎቻችሁ ጽሑፉ እንዲጠፋላቸው ለመኑኝ። ሪሞቱን አንስቼ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ነካክቼ አጠፋሁት። ተመረቅሁ፣ ቡና ተፈላልኝ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከልጆቹ አንዷ፣ የዐሥር ዓመቷ፣ ስወጣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ተኮሳተረችብኝ ብዬ አለፍኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናትየዋ ደወሉልኝ። «ልጅቱ ቴሌቪዥን ማየት ተወች፤ ስታይም ድምፁን እስከ ጣሪያ ትለቀዋለች፤ ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበብን ነው» አሉኝ። ሄጄ ልጅቱን አጠገቤ አስቀምጬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ጽሑፉ እያለ ይሰማኝ ነበር» አለችኝ።

እኔ መምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጆሮው የደከመ ልጅ የአስተማሪውን አፍ እንደሚከተል፣ ያልተጠየቀውን እንደሚመልስ፣ አንድ ጆሮውን ወደ ተናጋሪው እንደሚያዞር ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። ያቺ ልጅ ግን እፊቴ ተቀምጣ አላየኋትም። ትምህርት ቤቷም አላየም፤ «አዲስ ገቢ ናት፣ ቋንቋው ገና ነው» ይባል ነበር። ቤተሰቧም ዓይን አፋር ናት ይላል። እሷ ግን ማንም ሳያስተምራት ከሪሞቱ ላይ ጽሑፉን ራሷ አግኝታ፣ ራሷ ከፍታ፣ ያልሰማችውን እያነበበች ትከተል ኖሯል። እኔ ያንን ነጠቅኋት።

የቤተሰብ ሐኪሙ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ላካት፤ የመስማት ምርመራ፣ «ብዲካት ሽሚዓ» የሚባለው፣ ተደረገላት። ገና ኢትዮጵያ ሳለች ጆሮዋ እየመገለ ይፈስ ነበር፤ ሳይታከም የቆየ ነገር ነው። ዛሬ በሁለቱም ጆሮዋ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። አያትየዋ ነገሩ ሲነገራቸው «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? እኔ ግድግዳውንም እያየሁ እውላለሁ» አሉ። ልጅቱም ያልነገረቻቸው ሰው ሁሉ እንደሷ የሚሰማ መስሏት ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ እንዲጠፋ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህን ማን ከፈተው? በራሱ አይከፈትም። አንዳንዴ ሰው ሪሞቱ ላይ ሲቀመጥበት ይከፈታል፤ በአንዳንድ ቴሌቪዥን የድምፁ ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ ይህን የሚመለከተው ዝርዝር ይወጣልና። ከልጆቻችሁ አንዱ አውቆ ከፍቶት ከሆነ ግን ለምን እንደከፈተው ሳትሰሙ አታጥፉት። ልጁ ድምፅ የሚያስጮህ፣ ሲጠሩት ቶሎ የማይዞር፣ ሁልጊዜ «ማ? ማ?» የሚል ከሆነ ወደ ኩፓት ሆሊም ውሰዱት። በዚህ ከተማ ደግሞ ሌላም ምልክት አለ፤ ሌሊት ሲረን ሲጮህ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ማማድ ሲሮጥ እሱ ብቻ የሚተኛ ከሆነ፣ እንቅልፉ ከባድ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ይህ ጽሑፍ መጀመሪያም የተሠራው ጆሯቸው ለማይሰማ ሰዎች ነው። በአሜሪካ በ1972 በአንድ የምግብ አሠራር ፕሮግራም ላይ ተሞክሮ ለሁሉም ተመልካች ይታይ ነበር። ብዙው ሰው ስላልፈለገው፣ ፈላጊው ብቻ የሚከፍተው ዓይነት ተሠራና በመጋቢት 1980 ስርጭቱ ተጀመረ። «ዝግ ጽሑፍ» የተባለው ለዚህ ነው፤ የሚፈልገው ይከፍተዋል፣ የማይፈልገው ዘግቶ ይተወዋል። በአገራችን በእስራኤል በ1992 መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሚያግዝ ሕግ ወጣ፤ በ2005 ደግሞ ጣቢያዎች ጽሑፍና የምልክት ቋንቋ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ተተካ። በስክሪኑ ማዕዘን ቆመው እጃቸውን የሚያንቀሳቅሱትን ሰው አይታችኋል። «እሳቸውንስ እንዴት ነው የምናጠፋቸው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እሳቸው ከሥዕሉ ጋር ነው የሚመጡት፤ በእናንተ ሪሞት አይጠፉም። መስማት የተሳነው ጎረቤታችሁ ዜናውን የሚሰማው በእሳቸው እጅ ነው።

አሁን ወደ አጠፋፉ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩት ጽሑፉን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ስለማታውቁ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ራሱ ያወጣል፤ ከኬብል ወይም ከሳተላይት ኩባንያ የተሰጣችሁ ሣጥን፣ «ማሚር» የሚባለው፣ ያወጣል፤ እንደ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ያሉትም ያወጣሉ። ሁሉም የየራሳቸው ማጥፊያ አላቸው፤ አንዱን ብታጠፉ ሌላው አይሰማችሁም። ስለዚህ ጽሑፉ በሣጥኑ ጣቢያዎች ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ የሣጥኑን ሪሞት ያዙ። በአንቴና በሚመጡት ጣቢያዎች ላይ ከሆነ የቴሌቪዥኑን ሪሞት። ዩቲዩብ ላይ ብቻ ከሆነ ቪዲዮው እየሄደ እዚያው ውስጥ ማጥፋት ነው።

በሪሞቱ ላይ «ክቱቪዮት» የሚል በዕብራይስጥ የተጻፈ፣ በካፍ የሚጀምር ቁልፍ ካለ እሱን አንዴ ጫኑት። በአንዳንዱ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ግማሽ ቀለበት ጎን ለጎን የቆሙ የሚመስል ምልክት አለ፤ እሱም ያው ነው። ሁለቱም ከሌሉ «ሃግዳሮት» (ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ፣ ከዚያ «ነጊሹት» የሚለውን፣ ይኸውም አካላቸው ለተጎዳ ሰዎች የተዘጋጀውን ክፍል ፈልጉ፣ እዚያ ውስጥ ክቱቪዮትን ታገኛላችሁ፤ «ካቡይ» ማለት ጠፍቷል ነው። እዚያው አጠገብ «ቴዑር ኮሊ» የሚል አለ፤ ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች «አሁን ሰውየው በሩን ከፈተ» እያለ የሚተርክ ድምፅ ነው። ቴሌቪዥናችን ለብቻው ያወራል ብላችሁ የነገራችሁኝ ቤተሰቦች፣ የእናንተ ነገር እሱ ነው። እሱንም ካቡይ አድርጉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጽሑፉ ካልጠፋ አትድከሙ። የውጭ ፊልም፣ የአሜሪካም ሆነ የቱርክ፣ ወደ ዕብራይስጥ ተተርጉሞ ከሥዕሉ ጋር የተጣበቀ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ በጨርቅ ላይ እንደ ታተመ አበባ ነው፣ በሪሞት አይነሣም። አንድ አባት ይህን ሳያውቁ፣ ቴሌቪዥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጭነው ጣቢያው ሁሉ ጠፍቶባቸው ሳምንት ሙሉ ተቀምጠዋል። ጽሑፉ ግን አልጠፋም።

እንዲህ ያለውን የተጣበቀ ጽሑፍ እኔ ከልጅነቴ ነው የማውቀው። ወደ እስራኤል የገባሁት በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጣ እኛም ከነዚያ ውስጥ ነበርን፤ መጀመሪያ ያረፍነው ሆቴል ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ የውጭ ፊልም ሲያሳይ ከግርጌ አንድ መስመር ዕብራይስጥ፣ አንድ መስመር ዓረብኛ ይወጣ ነበር። ትምህርት ቤት ከገባሁ ከጥቂት ወራት በኋላ አባቴ «ምን ይላል?» ይለኝ ጀመር። እኔ ሁለት ቃል ሳነብ ጽሑፉ ሄዷል፣ ሌላ መጥቷል። ማፈሬን እንዳያውቅብኝ ከራሴ እየፈጠርኩ እነግረዋለሁ፤ «ሰውየው ሚስቱን እየፈለገ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን አባቴ «ይህ ሰውዬ ትናንትም ሚስቱን ይፈልግ ነበር፤ እስካሁን አላገኛትም?» አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

የሚያስቀው ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ያው አባቴ ሐኪም ዘንድ ይዞኝ ሄዶ «ምን ይላል?» አለኝ። ሐኪሙ ስለ ክኒኑ የተናገረው ግማሹ አልገባኝም፤ እንደ ፊልሙ ከራሴ ጨምሬ ነገርኩት። አባቴ ደህና ሆነ፤ ግን የሆነው በግምት ነው። እስኪያርፍ ድረስም እውነቱን አልነገርኩትም። ልጆቻችሁን «ምን ይላል?» ስትሏቸው ይህን አስቡልኝ። ፊልም ከሆነ ግድ የለም፤ ለመድኃኒት፣ ለባንክ፣ ለትምህርት ቤት ስብሰባ ግን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከሌለም ከእኛ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ጽሑፉን ማንበብ ለምን እንዲህ ከበደኝ? ምክንያቱ ልጅ መሆኔ ብቻ አልነበረም። የእኛ ፊደል ድምፁን በሆዱ የያዘ ነው፤ «በ»፣ «ቡ»፣ «ቢ» ብላችሁ እንደቆጠራችሁት ታነቡታላችሁ። የዕብራይስጥ ፊደል ድምፁን የሚያገኘው ከሥሩና ከላዩ ከሚደረጉለት ነጥቦች፣ ከ«ኒቁድ» ነው። ልጆች አንደኛ ክፍል የሚማሩት በኒቁድ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ጽሑፍ ግን ኒቁድ የለውም። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ ተብሎ የተጻፈ አንድ ቃል «ሴፈር» (መጽሐፍ) ሊሆን ይችላል፣ «ሳፓር» (ፀጉር አስተካካይ) ሊሆን ይችላል፣ «ሳፋር» (ቆጠረ) ሊሆን ይችላል፣ «ሲፔር» (ተረከ) ሊሆን ይችላል። አንባቢው ከአረፍተ ነገሩ መለየት አለበት፤ ያውም ጽሑፉ ሳያልፍ። ስለዚህ በኡልፓን ገና ፊደል እየቆጠራችሁ ያላችሁ፣ ይህን ማንበብ አቃተኝ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ለጊዜው አጥፉት፤ ምንም አይቀርባችሁም።

ቀስ ብሎም ቢሆን ማንበብ ለጀመረ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። በቤልጅግ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1991 ባወጡት ጥናት ሰዎች የራሳቸውን ቋንቋ ፊልም በራሳቸው ቋንቋ ጽሑፍ ሲያዩ፣ ጽሑፉ ምንም ሳያስፈልጋቸው ዓይናቸው እየሄደ ያነበው እንደነበር አይተዋል። ማንበብ የሚችል ዓይን ፊደል ካየ አይተወውም። በህንድ ብሪጅ ኮታሪ የሚባሉ ሰው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር በሥራ ላይ አውለዋል፤ በ1999 በጉጃራት ግዛት ቴሌቪዥን የፊልም ዘፈኖች ሲቀርቡ ግጥሙ በዚያው ቋንቋ ከሥር እንዲጻፍ አስደረጉ። ሐሳቡ ትንሽ ተምረው ያቋረጡ ሰዎች የሚያውቁትን ዘፈን እየሰሙ ማንበብን እንዲለማመዱ ነው። በ2009 ደግሞ በሆላንድ የተሠራ ጥናት የውጭ ቋንቋ የሚሰማ ሰው፣ ጽሑፉ በሚሰማው ቋንቋ ሲሆን ጆሮው እንደሚለምድ፣ በራሱ አገር ቋንቋ ሲሆን ግን ዓይኑ ወደ ትርጉሙ ሄዶ ጆሮው እንደሚቀር አሳይቷል። እንግዲህ ዕብራይስጥ እየሰሙ ዕብራይስጥ ማንበብ፣ ለሚያነብ ሰው፣ ያለ ክፍያ የተገኘ አስተማሪ ነው።

ይሁንና ዜና ላይ አትጀምሩ። በቀጥታ የሚተላለፍ ዜና ጽሑፉ ከንግግሩ በጥቂት ሰከንድ ኋላ ይቀራል፣ ስሕተትም ይበዛበታል፤ ጆሯችሁ አንድ ነገር እየሰማ ዓይናችሁ ያለፈውን ያነባል። ቀድሞ የተቀረፀ ድራማ ወይም የልጆች ፕሮግራም ይሻላል። ዜናውን ለማወቅ ከሆነ፣ በ1991 የተጀመረውና ዛሬ በካን ሥር ያለው ሬቃ የሚባለው ሬዲዮ በአማርኛ ይነግራችኋል፤ ለዚያ ብላችሁ ከፊደል ጋር አትታገሉ።

አንድ ቤት ውስጥ አያት፣ ወላጅና ተማሪ ልጅ ሲኖሩ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማስደሰት አይቻልም። እኔ ያየሁት የተሻለ መላ ሰዓት መከፋፈል ነው። ቀን ልጆች ትምህርት ቤት ሲሆኑ አያት ያለ ጽሑፍ ያያሉ፤ ማታ ልጆች ሲሰባሰቡ ይከፈታል። ጆሮው የሚያስቸግረው ሰው ካለ ግን ክርክር የለም፤ እሱ ባለበት ሰዓት ሁሉ ይከፈት። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የፊደሉን መጠን ማሳነስ፣ ከበስተኋላው ያለውን ጥቁር ሰሌዳም ማሳሳት ይቻላል፤ የተዋናዩ አፍ ተሸፈነብኝ ላሉት እናት እንደዚያ አድርጌላቸው «አሁንስ ፊቱን አየሁት፣ መልከ መልካም ኖሯል» ብለውኛል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሲረን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ፈርታችሁ የጠየቃችሁኝ ነው። ክቱቪዮትን ብናጠፋ የአደጋ ማስጠንቀቂያው አብሮ ይጠፋል ወይ? አይጠፋም። ሮኬት ሲተኮስ በካን 11፣ በ12 እና በ13 ላይ የሚወጣውን የከተሞች ዝርዝር ጣቢያው ራሱ ነው በሥዕሉ ላይ የሚጽፈው፤ ሪሞታችሁ አይነካውም። ፒኩድ ሃዖሬፍ (የኋላ ግንባር ዕዝ) በሚያወጣው ዝርዝር የእኛ ሰፈር «ቂርያት ጋት፣ ካርሜ ጋት» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሌላ ምንም የዕብራይስጥ ቃል ማንበብ ባትችሉ እነዚህን አራት ቃላት ልጆቻችሁ በወረቀት ጽፈው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይለጥፉላችሁ። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ ይህ ሰፈር ሲረን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በ2024 መጀመሪያ የኒር ዖዝ ኪቡጽ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው የመጡት ወደዚሁ ወደ ካርሜ ጋት ነው።

መፍራት ያለባችሁስ ሌላ ነገር ነው። ኔትፍሊክስ ወይም ዩቲዩብ ስታዩ፣ ወይም በሳተላይት የኢትዮጵያን ጣቢያ ስታዩ ያ ዝርዝር አይወጣም። የጎንደርን ዜና እየሰማችሁ እዚህ በራፋችሁ የሚሆነውን ላታውቁ ትችላላችሁ። የፒኩድ ሃዖሬፍን ማስጠንቀቂያ በስልካችሁ ላይ አስገቡ፤ የማይገባችሁ ካለ ስብሰባው ሲያልቅ ስልኩን አምጡልኝ። ለጥያቄም የዕዙ ስልክ 104 ነው። መስማት የተሳነው ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ሌሊት ማን እንደሚቀሰቅሰው ዛሬውኑ በስም ይወስን። ያቺ የነገርኳችሁ ልጅ ማታ የመስሚያ መሣሪያዋን አውልቃ ነው የምትተኛው፤ የሚቀሰቅሷት አያቷ ናቸው። ከእሷ በፊት ማንንም አልቀሰቅስም ይላሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እዚሁ እገኛለሁ። ማጥፋትም ሆነ መክፈት ያቃታችሁ ሪሞታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የቴሌቪዥኑንም የሣጥኑንም። ከቻላችሁ ልጆቻችሁ የቴሌቪዥኑን ስክሪን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይስጧችሁ። ባትሪውን ግን አታውጡ፤ ባለፈው ጊዜ ስምንት ሪሞት መጥቶ አምስቱ ባዶ ነበር።